ሃያ ሦስቱ ዓሣዎች

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

በድሮ ዘመን በአንድ ሐይቅ ዳር አራት ቤተሰቦች ይኖሩ ነበር። አንድ መረብ በጋራ ነበራቸው። ከእነሱ ጎን ጓንጉል የሚባል ሰው ብቻውን ይኖራል። ጓንጉል ብልጥ ነው፤ ሰነፍ ነው፤ ሆዱን ይወዳል። ከአራቱ ቤቶች በአንዱ ደግሞ አንጓች የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ስምንት ልጆች አሏት። አንጓች ዝምተኛ ናት፤ ታጋሽ ናት፤ የሰማችውን አትረሳም።

ቤተሰቦቹ ዓሣ ባወጡ ቁጥር ለአራት ሲካፈል በሚተርፈው ይጣላሉ። አንድ ቀን እንዲያውም ዱላ ተማዘዙ። ይሄኔ ጓንጉል መጣና እኔ ላካፍላችሁ አላቸው። ለየቤቱ እኩል እሰጣለሁ፤ አልካፈል ብሎ የተረፈው ብቻ ለድካሜ ይሁነኝ አለ። ደስ ብሏቸው ተስማሙ።

በመጀመሪያው ቀን አሥራ ሁለት ዓሣ ወጣ። ለየቤቱ ሦስት ሦስት ደረሰና ምንም አልተረፈም። ጓንጉል ባዶ እጁን ቤቱ ገባ፤ ጋደም ብሎም አሰበ። አሥራ ሁለት ደግ ቁጥር ነው። ለሁለት ቢሉት ይካፈላል፣ ለሦስት ቢሉት ይካፈላል፣ ለአራት ቢሉት ይካፈላል። አሥራ አንድ ግን ግትር ነው። ለሁለትም፣ ለሦስትም፣ ለአራትም እንቢ ይላል።

ከዚያ ወዲያ ደግ ቁጥር በወጣ ቀን ጓንጉል አንዷን ዓሣ ቀስ ብሎ ቄጠማው ውስጥ ይጥላታል። አሥራ ሁለቱ አሥራ አንድ ይሆናል። ሃያው አሥራ ዘጠኝ ይሆናል። ሁሌም ሦስት ይተርፈዋል፤ ቄጠማው ውስጥ ያለችውም የእሱ ናት።

ያን ዓመት ዝናብ ቀረ። እህሉ ደረቀ፣ ከብቱ አለቀ፣ የቀረው የሐይቁ ዓሣ ብቻ ሆነ። የአንጓች ልጆች እየከሱ ሄዱ። ትንሿ ማልቀስ እንኳ አቃታት። ጓንጉል ግን ወፈረ።

አንድ ጠዋት ሃያ አራት ዓሣ ወጣ። ጓንጉል እንደ ልማዱ አንዷን ደበቀና ሃያ ሦስት ነው አለ። ለየቤቱ አምስት አምስት ሰጥቶ ሦስቱን ወደ ራሱ ሳበ። አንጓች ከተቀመጠችበት ተነሣች።

“ጋሼ ጓንጉል፣ በሌላ ቢያካፍሉትስ?”

ጓንጉል ምን ቸገረው? ሞከረላት። ለሁለት አደረገው፤ አንድ ተረፈ። ለሦስት አደረገው፤ ሁለት ተረፈ። ለስድስት አደረገው፤ አምስት ተረፈ። ከዚያ ሳቀና፣

“አየሽ፣ ይሄ ቁጥር ግትር ነው። ሃያ ሦስት ሰው ካልመጣ በቀር እኩል የሚካፈለው የለም” አላት።

አንጓች በልቧ ሰው መቁጠር ጀመረች። የእሷ ቤት ዘጠኝ ነው። ከእሷ ቀጥሎ ያለው ቤት ስድስት፣ ከዚያ ወዲያ ያለው አምስት። በአራተኛው ቤት ሽማግሌው አባ ውብነህ ከነሚስታቸው ሁለት። ሃያ ሁለት መጣላት። አንድ ጎደላት። ቀና ስትል ፊት ለፊቷ የቆመው ጓንጉል ነው።

“ሃያ ሦስት ሰውማ አለን” አለች። “ዓሣ የሚበላው በር አይደለም፣ አፍ ነው። በአፍ ያካፍሉን። እርስዎም አንድ አፍ ነዎት።”

ሰው ሁሉ ወደ አባ ውብነህ ዞረ፤ ከአምስት ወደ ሁለት የሚወርደው የእሳቸው ድርሻ ነበርና። ሽማግሌው የአንጓችን ልጆች አንድ በአንድ አዩ።

“እኔና ባለቤቴ አምስት ዓሣ አንጨርስም” አሉ። “እንዳለችው ይሁን።”

ቃሉ ከጓንጉል ከራሱ አፍ ወጥቷል። አንድ አንድ አካፈለ። ለሁሉም ደረሰ፤ ምንም አልተረፈም። እሱም እንደማንኛውም ሰው አንዲት ዓሣ ይዞ ሹልክ ብሎ ወደ ቄጠማው ሄደ። የደበቃትን ዓሣ ግን ወፍ ቀድሞት በልቷታል። እየተንበረከከ ቄጠማውን ሲያምስ ሰዎቹ አዩት። ቄጠማው ላይ የቀረውን የዓሣ አጥንት ሲያዩም ምን እንደጠፋው ገባቸው።

አልመቱትም፤ አላባረሩትም። ማካፈሉን ለአንጓች ሰጡ፤ አንጓችም የሚተርፈውን ከነሕይወቱ፣ ለነገ ይራባ ብላ፣ ወደ ውሃው መለሰች። ጓንጉል ግን ድርሻውን ከፈለገ ከሁሉም ጋር መረብ መሳብ ግድ ሆነበት። የአንጓች ትንሿ ልጅም በረታችና በሐይቁ ዳር መሮጥ ጀመረች።

አያችሁ ልጆች፣ ለጥቂቶች አልካፈል ያለ ነገር፣ ሰው ሁሉ ሲቆጠር ይካፈላል። በትርፍ ሊከብር ያሰበ ደግሞ የራሱን ድርሻ በላቡ ይበላል። እኔ የሰማሁትን አካፈልኳችሁ፤ እናንተም ላልሰማው አካፍሉ።