እስር ወደብ

በጣና ካሉት ትንንሽ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በደብሪት፣ በምሥራቅ በኩል ታንኳ የሚያቆሙባት ጠባብ ዳርቻ እስር ወደብ ትባላለች። በዚያ ሰው ታስሮ አያውቅም፤ የሚታሰረው ታንኳ ነው። አዲስ መቅዘፊያ የተሠራ እንደሆነ፣ ታንኳዋን በረጅም ገመድ ከዳር ከበቀለ ለጋ ዛፍ ጋር ያስሯትና ቀዛፊው ወዴትም ሳይሄድ ሲቀዝፍ ይውላል። እንግዳ ሲያይ ይስቃል፤ የአገሩ ሰው ግን አይስቅም።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት፣ ጥንት የደብሪት ሰዎች ታንኳቸውን የሚነዱት ረጅም ሸምበቆ ከሐይቁ ወለል ላይ እየተከሉ በመግፋት ነበር። አንድ ክረምት ግን ዝናቡ አላባራ ብሎ ሐይቁ ሞላና ሸምበቆው ወለሉን መንካት አቃተው፤ በደሴቲቱና በየብሱ መካከልም ታንኳ ጠምዝዞ የሚወስድ ወራጅ ውኃ ተነሣ። ጎተራው ተሟጠጠ፤ ሰዉም የማዶውን ጭስ እያየ ተከርችሞ ቀረ።

ያን ጊዜ በደሴቲቱ አይቸው የሚባል እንጨት ጠራቢ ነበር። ሰዉ ቢለምነው ከብሳና መቅዘፊያ ጠረበ፤ ታናሽ ወንድሙ ውበቱም ይዞት ወጣ። መካከል ሲደርስ መቅዘፊያው ከአንገቱ ተሰበረ። አይቸውና የውበቱ ሚስት አንጓች ከዳር ቆመው እያዩ ታንኳዋ ሁለት ጊዜ ዞራ ጠፋች።

ከዚያ ወዲያ አይቸው መላ ጠፋው ይባላል። ሌላ ሰው መላክ ፈራ፤ እንዳይተወው ደግሞ የተራቡ ሕፃናት ልቅሶ በየደጁ ይሰማዋል። በመጨረሻ፣ ልዩ ልዩ መቅዘፊያ ጠርቦ፣ ታንኳ ከለጋ ዋንዛ ጋር አስሮ የትኛው መቅዘፊያ ዛፉን አብልጦ እንደሚያጎብጥ ለማየት አሰበ። ሊቀዝፍለት የደፈረ ግን አልነበረም። የመጣችው ከሐዘኑ ቀን ጀምሮ ቃል ያልተነፈሰችለት አንጓች ነበረች። ታንኳዋ ላይ ወጥታ ለመቅዘፊያው እጇን ዘረጋች።

የወይራው ጠንካራ ነበር፤ ክብደቱ ግን ክንዷን ቶሎ አዛለው። ቀጭኑ ውኃውን እየሰነጠቀ ከማለፍ በቀር አልገፋም። ሰፊው ዛፉን ጎበጥ አደረገና ከአንገቱ ሲሰነጠቅ አይቸው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። በስምንተኛው ቀን፣ የገዛ ቤቱን የዋንዛ በር ነቅሎ፣ አንገቱ ወፈር ያለ፣ ጫፉ እንደ ጭልፋ ጎድጎድ ያለ መቅዘፊያ ጠረበ። ሦስት ቀን ተቀዘፈበት። ዛፉ ውኃ እስኪነካ ጎነበሰ፤ አንጓችም አልደከመች።

«በቃ፣ አያ። ፍታው» አለችው።

«ነገ ደግሞ እንየው።»

«ትናንትም ነገ ብለኸኛል።»

አይቸው እጁን ቋጠሮው ላይ አሳረፈ፤ ግን አልፈታውም። «ውበቱን የላክሁት እኔ ነኝ» አለ። «አንቺን አልልክም።»

«አንተ መች ላክኸኝ? እኔ ነኝ የምሄደው» አለችና ከመቀነቷ ካራ መዝዛ ገመዱን በጠሰችው። የጎበጠው ዛፍ ቀና ሲል ቅጠሉ ያዘለውን ውኃ አይቸው ላይ አርከፈከፈው።

እንደሚነገረው፣ ታንኳዋ ወራጁ ላይ ስትደርስ ማየት አልቻለም፤ ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ ተቀመጠ። ሰዉ እልል ሲል አልዞረም፤ «ተሻገረች!» ሲሉት አላመነም። አንጓች በማግሥቱ እህል ጭና ተመልሳ፣ ከኋላው መጥታ ትከሻውን ስትነካው ነው የዞረው። ለደሴቲቱ ሁሉ መቅዘፊያ ሲጠርብ ኖረ፤ እሱ ራሱ ግን እስኪሞት ድረስ ታንኳ ላይ አልወጣም ይባላል።

ዛሬም በእስር ወደብ ገመዱ አይፈታም፤ ይቆረጣል። የሚቆርጠው ቀዛፊው ነው። መቅዘፊያውን የጠረበው ሰው ፊቱን ወደ የብስ አዙሮ ይቀመጣል፤ ቀዛፊው ተመልሶ ትከሻውን እስኪነካው ድረስም «ደረሰ» ብሎ የሚነግረው የለም።