“ከሳህ” ያሉት ሰው

መስከረም ሃያ ስድስት ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ አንድ ሰው ከጤና ጣቢያ ወጣ። ሚስቱ እልፍነሽ ደጅ ቆማ ትጠብቀው ነበር። ፊቱን ስታየው ገባት።

“ስኳር ነው” አላት። “እንደ አባቴ።”

አባቱን ታውቃቸዋለች። መጀመሪያ ጣታቸው ተቆረጠ፣ ቀጥሎ እግራቸው፣ ከዚያ እሳቸው ሄዱ።

የመረመረችው ሲስተር ግን “ከተጠነቀቅህ ትኖራለህ” ብላዋለች። ክኒን ሰጠችው። እንጀራውን እንዲቀንስ፣ ጎመንና ምስር እንዲያበዛ፣ ስኳርና ለስላሳ እንዲተው፣ ወደ ሥራ በእግሩ እንዲሄድ ነገረችው። በቃ። ወገኖቼ፣ ይህን ልብ በሉልኝ። የሚያድነው ነገር በአንድ ትንፋሽ ተነግሮ የሚያልቅ ነበር።

ጀመረም። ሰውየው ላቀው ይባላል፣ ኮምቦልቻ ውስጥ አናጢ ነው። ዕድሜውን ሁሉ ሁለት እንጀራ ሲበላ የኖረ ሰው፣ አንድ በልቶ መነሣት ጀመረ። ሻዩን ያለ ስኳር ሲጠጣ ፊቱን እንደ ሕፃን ያጨማድዳል። እልፍነሽ ትስቅበታለች፣ እሱም ይስቃል።

ታዲያ ማን ተወው? እስቲ ንገሩኝ፣ ማን ዝም አለው?

ሥራ ቦታ ምሳውን ሲከፍት ባልደረባው ሲሳይ ስልኩን ይዞ ደረሰ። “አንተ ሰውዬ፣ የሚገድልህ እኮ እንጀራው ነው! ጨርሰህ ተወው፣ ሥጋና ቅቤ ብቻ ብላ። ይኸው፣ ቪዲዮው ላይ ያለው ሰው የሚለውን ስማ!” ላቀው ሰማ። ቅቤ መብላት ጀመረ። በሳምንቱ አብሯቸው የሚሠራው ቀለም ቀቢ መጣ። “ቅቤ? አብደሃል እንዴ? ደም ሥርህን ይደፍነዋል! እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ምንም አትቅመስ፣ ሰውነትህ ራሱን ያጥባል።” ላቀው ሳይቀምስ መዋል ጀመረ፣ መጋዝ እንደያዘ ዓይኑ ይጨልምበት ነበር። አንዷ ጎረቤት ነጭ ሽንኩርት በሎሚ አለች። ሌላዋ ፍራፍሬ ብቻ አለች።

አንድ ማታ ገበታው ፊት ተቀምጦ “እልፌ፣ እስቲ ዛሬ የማልበላውን ንገሪኝ” አላት።

“ሲስተሯ ያለችህን ብላ” አለችው። ቆጣ ብላ ነበር።

ወደዚያው ተመለሰ። ወደ ጎመኑ፣ ወደ ምስሩ፣ ወደ አንዷ እንጀራ። ቀበቶው ቢሰፋው በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳበት። ጤና ጣቢያ ለክተውት ስኳሩ እየወረደ ነው ሲሉት፣ እያፏጨ ቤቱ ገባ።

ከዚያ ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ባልና ሚስቱ የሚጠጡት የሚካኤል ማኅበር በዚያ ወር እትዬ በለጡ ቤት ነበር። ጾም ሊገባ ነውና ዶሮውም ጥብሱም ቀርቧል። ላቀው በበሩ ብቅ ሲል ሁሉም ዞሮ አየው።

“ውይ ልጄ! ምን አግኝቶህ ነው እንዲህ የከሳኸው?” አሉ እትዬ በለጡ። ዓይናቸውን ወደ እልፍነሽ አዞሩ። “አንቺስ፣ ባልሽን ምን አድርገሽው ነው? እቤታችሁ ምግብ የለም እንዴ?”

“እያስራበች ሌላ ልታገባ ነዋ!” አለ አንዱ ከጥግ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

“ስኳር አለብኝ እኮ፣ እትዬ” አለ ላቀው በቀስታ።

“ስኳር ካለብህማ በልተህ ነው የምትቋቋመው! በሞቴ! እጄን አትመልሳት።”

ጎረሰ። “ይቺን ደግሞ ለሚካኤል!” ጎረሰ። ሦስተኛው ጉርሻ ከሌላ እጅ መጣ፣ አራተኛውም። በላዩ ለስላሳ ቀዱለት። እልፍነሽ አንገቷን ደፍታ የነጠላዋን ጥለት ትቆጥር ነበር።

ሰውየው እየዳነ ነበር። እየዳነ! እኛ ግን ሰው ሲወፍር “ተመቸህ” ብለን እናሞግሳለን፣ ሲከሳ እናዝንለታለን። ከመቼ ወዲህ ነው ጉንጭ የጤና ምስክር የሆነው?

ከዚያ ቀን ወዲያ እልፍነሽ ሁለተኛውን እንጀራ መልሳ ታቀርብለት ጀመር። ሰው እንዳያማት። ሲሳይም “ያከሳህ ክኒኑ ነው” ብሎ፣ ስኳርን ከሥሩ ይነቅላል የተባለ ዱቄት አመጣለት። ላቀው ክኒኑን ተወ። ፊቱ ሞላ። “አሁን ሰው መሰልክ!” አሉት በየመንገዱ።

በታኅሣሥ ውሃ ጥም ያዘው። ውሃው አላረካው ሲል በላዩ ለስላሳ ይጠጣል። አንድ ጠዋት እልፍነሽ ብትቀሰቅሰው አልነቃም። ሆስፒታል ደርሶ በማግሥቱ ዐረፈ።

ለቅሶ ቤት የመጣው ሁሉ ምን አለ? “ምን ነካው? አምሮበት አልነበረም እንዴ?” አለ። አዎ! አምሮበት ነበር!

ተቆጣህ ትሉኝ ይሆናል። ተቆጥቻለሁ። ጉርሻ ፍቅር ነው ትሉኛላችሁ። እሺ፣ ፍቅር ነው። “በቃኝ” ሲባል የማይሰማው ፍቅር ግን ለማን ነው? ለጎራሹ ነው ወይስ ለአጉራሹ? በወንድማችሁ ሳህን ላይ ማን ሾማችሁ? ከስልክ ያያችሁትን ሁሉ በታመመ ሰው ጆሮ ላይ የምታፈሱ፣ ሲሞት አብራችሁ ትጠየቃላችሁ? ወይስ ድንኳን ውስጥ ካርታ እየተጫወታችሁ “የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው” ትላላችሁ? የራሳችንን እጅ ሥራ በእግዚአብሔር ላይ አንለጥፍ!

ዛሬ ከዚህ ወጥታችሁ ገበታ ትቀርባላችሁ። እህታችሁ ሻይዋን ያለ ስኳር ትጠይቅ ይሆናል። አጎታችሁ እንጀራውን ከግማሽ ላይ ይተው ይሆናል። ምን ልትሏቸው ነው? ሌላ ምንም አላስተምራችሁም፣ ይህን ብቻ። እጃችሁን ሰብስቡ። ተዉአቸው፣ ይኑሩ።

በሠልስቱ እትዬ በለጡ ጉርሻ ጠቅልለው ወደ እልፍነሽ አፍ አስጠጉ። “በሞቴ፣ ሰውነትሽን ጨረስሽው እኮ።” እልፍነሽ እጃቸውን ያዘች፣ መልሳም ሳህኑ ላይ አኖረችው።

“በቃኝ፣ እትዬ።”

በጥር ማኅበሩ ሲሰበሰብ እልፍነሽ አልመጣችም። ለስላሳው እንደ ወትሮው በሣጥን ገባ።