ማሽኑ የጠበቀው አገጭ

ተረት ልነግራችሁ ነው። "የላም በረት" የምትሉትን ለሌላ ቀን አቆዩልኝ፤ ዛሬ ላምም በረትም የለም። ፍየል ግን አለች፣ ባጃጅ አለ፣ አገጭም አለ። ዋናው ነገር አገጩ ነው። እናንተ ኋላ የተቀመጣችሁት፣ አትንሾካሾኩ፤ ማን እምቢ እንዳለ ከጠፋባችሁ እኔን እንዳትጠይቁኝ።

በአንዲት ትንሽ ከተማ ጋሽ ድንቁ የሚባሉ ሸማኔ ነበሩ። እግራቸውን ጉድጓዳቸው ውስጥ ከተው፣ መወርወሪያዋን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየላኩ ሲሸምኑ ይውላሉ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ታዲያ መወርወሪያዋ ወደ ግራ ስትሄድ ታመልጣቸው ጀመር። "አንቺ ቅሌታም፣ ይሄን ደግሞ ማን አስተማረሽ?" ይሏታል። ከቤት ሲወጡ የበሩ ግራ መቃን ትከሻቸውን ይመታቸዋል፤ እሱንም ይሰድቡታል። "ዓይንዎን ይታዩ" የሚላቸው ሰው ከመጣ ደግሞ ይስቃሉ። "የኔን ዓይን? ማዶ ተራራው ላይ ያለችውን ፍየል ቀንዷ ወዴት እንደዞረ ልንገርህ?" ይላሉ። ይነግሩታልም፣ አይሳሳቱም።

ልጃቸው ስንዱ ግን አትስቅም። የአባቷ ታላቅ ወንድም እንዲሁ እየሳቀ ነው ዓይኑ የጠፋው። አላመመው፣ አልቀላ፣ አላለቀሰ። ከዳር ከዳር እየጨለመ መጥቶ በመጨረሻ መሃሉም ጠፋ። ስንዱ በልጅነቷ የዱላውን ጫፍ ይዛ አጎቷን ስትመራ ነው ያደገችው። አባቷን በዱላ መምራት አትፈልግም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

አንድ ቀን ማለዳ "ጤና ጣቢያው የዓይን ማሽን መጣለት" ተባለ። በመኪና መጥቶ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ በመኪና የሚሄድ ማሽን ነው። ስንዱ ሮጣ ሄደች። ማሽኑ ጨዋ ነው፣ ትንሽ ጉረኛ ቢሆንም። "አገጭ እዚህ፣ ግንባር እዚያ፣ አረንጓዴዋን መብራት ማየት፣ ብልጭ፣ አለቀ። ቢላ የለ፣ መርፌ የለ። የዓይንን ጓዳ ፎቶ አነሳለሁ። ባለቤቱ ምንም ሳይሰማው እኔ አይቼዋለሁ" አላት።

የዓይን ነርሷ ሲስተር ትብለጥ የአጎቷን ነገር ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። "ግላኮማ ሳይሆን አይቀርም" አለች። "የዓይንን ነርቭ ከዳር ጀምሮ ነው የሚጎዳው። መሃሉን ለመጨረሻ ስለሚተወው ሰውየው ደህና አያለሁ ይላል። ቶሎ ከተደረሰበት ጠብታ አለን። የሄደውን ግን ማንም አይመልስም። አባትሽን ዛሬውኑ አምጪልኝ።"

"እኔ አገጫቸው ይበቃኛል" አለ ማሽኑ።

ስንዱ ቤት ደረሰች። "አባዬ፣ አገጭህን ፈልጌ ነው።"

"አገጬን ምን ልታደርጊው?"

"ማሽን ላይ ልታሳርፈው። ዓይንህን ያይልሃል።"

"የሰው ጋቢ መሃል ላይ ጥሎ የሚነሳ ሸማኔ የት አይተሻል? ነውር ነው። ጋቢው ሳይጨረስ ከጉድጓዴ አልወጣም" አሉ ጋሽ ድንቁ።

ስንዱ ወደ ጋቢው ዞረች። "ጋቢዬ፣ እባክህ ቶሎ ተጨረስልኝ።" ጋቢው ተቆጣ። "በምን ልጨረስ? ማጌ አልቋል፤ አባትሽ ከጠዋት ጀምሮ ክር እየቀጣጠሉ ነው።" እናም ጋቢው ያለ ማግ አልጨረስ አለ፣ ጋሽ ድንቁ ከጉድጓዱ አልወጣ አሉ፣ ማሽኑም "አገጭ፣ አገጭ" እያለ ይጠብቃል።

ማጉን የሚፈትሉት ጎረቤታቸው እማማ የሻረግ ናቸው። ስንዱ ብትሄድ እማማ የሻረግ በራቸው ላይ ቁጭ ብለዋል፣ እንዝርቷም ጋደም ብላለች። "እንዝርትዬ፣ ዙሪልኝ" አለቻት። እንዝርቷ "ጥጥ ሳይኖር ባዶዬን ልዙር? ሰው አብዳለች ይበለኝ?" አለች። እማማ የሻረግም "ጥጡ በአህያ እየመጣ ነው ልጄ። ከማለዳ ጀምሮ እየመጣ ነው" አሉ። እንዝርቷ ያለ ጥጥ አልዞር አለች፣ ጋቢው ያለ ማግ አልጨረስ አለ፣ ጋሽ ድንቁ ከጉድጓዱ አልወጣ አሉ፣ ማሽኑም "አገጭ፣ አገጭ" እያለ ይጠብቃል።

አህያው የተገኘው ድልድዩ ላይ ነው። ጥጡን እንደተሸከመ ቆሟል፤ የሚቸኩል አይመስልም። "አህያዬ፣ እባክህ ተራመድ።" አህያው "ይሄ ባጃጅ ጭሱን አፍንጫዬ ላይ እየለቀቀ ወዴት ልራመድ? በሱ ላይ ልዝለል?" አለ። አህያው ባጃጁ ካልሄደ አልራመድ አለ፣ እንዝርቷ ያለ ጥጥ አልዞር አለች፣ ጋቢው ያለ ማግ አልጨረስ አለ፣ ጋሽ ድንቁ ከጉድጓዱ አልወጣ አሉ፣ ማሽኑም "አገጭ፣ አገጭ" እያለ ይጠብቃል።

ባጃጁ ራሱ አንጀቱ አርሯል። "በኔ አትፍረዱ" አለ። "ፍየል ተኝታብኛለች። ጥሩምባ ነፋሁ፣ እሷ ታመሰኳለች። ለመንኳት፣ ታመሰኳለች።" እውነትም አንዲት ቀይ ፍየል ድልድዩን ከዳር እስከ ዳር ዘግታ ተጋድማለች። ስንዱ ቁጢጥ ብላ "ፍየልዬ፣ ተነሽልኝ" አለቻት። ፍየሏ አንድ ዓይኗን ገልጣ "ጨው" አለች። ሌላ ቃል የላትም። ፍየሏ ያለ ጨው አልነሳ አለች፣ ባጃጁ ፍየሏ ካልተነሳች አልሄድ አለ፣ አህያው ባጃጁ ካልሄደ አልራመድ አለ፣ እንዝርቷ ያለ ጥጥ አልዞር አለች፣ ጋቢው ያለ ማግ አልጨረስ አለ፣ ጋሽ ድንቁ ከጉድጓዱ አልወጣ አሉ፣ ማሽኑም ይጠብቃል። ቆይ ትንፋሽ ልውሰድ፤ ገና ነን እኮ።

ጨው የሚሸጡት ጋሽ ሸረፋ ናቸው። ሱቃቸው ዝግ ነው። የት ሄዱ? ጤና ጣቢያ። ስንዱ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወደመጣችበት ተመለሰች። ጋሽ ሸረፋ በረንዳው ጥግ ላይ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጋርደው ተቀምጠዋል። የዓይናቸው ጓዳ በደንብ እንዲታይ የዓይን ብሌናቸውን የሚያሰፋ ጠብታ ተደርጎላቸዋል።

"ጋሽ ሸረፋ፣ ጨው ፈልጌ ነበር።"

"ጨውስ ነበረኝ። ዛሬ ግን ከስኳር የምለየው በምላሴ ነው። እሱም ይሁን፣ ልቅመሰው። ፀሐዩን ግን ምን ላርገው? እንዳለ ዓይኔ ውስጥ ነው የሚገባው። እስኪለቀኝ ድረስ ጥላ ካላገኘሁ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።"

ጃንጥላ አንድ ብቻ ነው ያለው፣ እሱም ሥራ ላይ ነው። የምርመራ ክፍሉ መስኮት መጋረጃ ስለሌለው ትልቁ ጥቁር ጃንጥላ ተዘርግቶ ተደግፎበታል፤ ማሽኑ ጨለም ሲልለት ነው ደህና አድርጎ የሚያየው። "ጃንጥላዬ፣ ለጋሽ ሸረፋ ና" አለች ስንዱ። ጃንጥላው "ማሽኑ የመጨረሻውን አገጭ ሳያይ ከመስኮቱ አልነሳም" አለ።

አያችሁልኝ? ጃንጥላው ያለ አገጭ ከመስኮቱ አልነሳ አለ፣ ጋሽ ሸረፋ ያለ ጃንጥላ አልነቃነቅ አሉ፣ ፍየሏ ያለ ጨው አልነሳ አለች፣ ባጃጁ ፍየሏ ካልተነሳች አልሄድ አለ፣ አህያው ባጃጁ ካልሄደ አልራመድ አለ፣ እንዝርቷ ያለ ጥጥ አልዞር አለች፣ ጋቢው ያለ ማግ አልጨረስ አለ፣ ጋሽ ድንቁ ከጉድጓዱ አልወጣ አሉ፣ የመጨረሻው አገጭ ደግሞ የጋሽ ድንቁ ነው። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ራሱን ነከሰ።

ስንዱ መሬት ላይ ቁጭ አለች። መጀመሪያ ሳቀች። ሳቋ እንዴት እንደሆነ ሳታውቀው ወደ ለቅሶ ዞረ። ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች፣ የማሽኑ መኪና ሾፌር ጎማ እየነካካ ነው፣ አባቷ ጉድጓድ ውስጥ ናቸው።

ማሽኑ አዘነላት። "የመጨረሻ አገጭ ተባለ እንጂ የማን ተባለ?" አለ።

ሲስተር ትብለጥም ቀና አለች። "ስንዱ፣ ይሄ በሽታ እኮ በዘር ይሄዳል። አጎትሽ፣ ምናልባትም አባትሽ። ያንቺን ዓይን ማን አይቶት ያውቃል?"

"እኔማ ደህና ነው የማየው" አለች ስንዱ። እንዳለችውም አፏን ያዘች፤ ድምጿ ቁርጥ የአባቷን ነበር።

ወንበሩ ላይ ወጣች። አገጭ እዚህ፣ ግንባር እዚያ፣ አረንጓዴዋ መብራት፣ ብልጭ። የዓይን ግፊት የሚለካ ሌላ መሣሪያ ደግሞ ዓይኗ ላይ አየር እፍ አለባት፣ ደንግጣ ዘለለች። ሲስተር ትብለጥ ፎቶውን አየች፣ ቁጥሩን አየች፣ ተመልሳ ፎቶውን አየች።

"የዓይንሽ ግፊት ከፍ ብሏል" አለች ቀስ ብላ። "ነርቭሽ ግን ሙሉ ነው። ምንም አልወሰደብሽም፣ ገና በር ላይ ነው። ይሄን ጠብታ ሁልጊዜ ማታ ትጨምሪያለሽ፣ ቀጠሮም አስይዝልሻለሁ። ዛሬ መጣሽ እንጂ ሲሰማሽ ብትመጪ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የማወራሽ።"

ስንዱ ፈራች፣ ቀጥሎ ደግሞ ደስ አላት፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ። ጠብታውን ጡጫዋ ውስጥ ጨብጣ ወጣች።

ከዚያማ ምን ቀረ? ያዙኝ እንግዲህ። ማሽኑ አገጭ አገኘ፣ ጃንጥላው ከመስኮቱ ተነሳ። ጃንጥላው ተነሳ፣ ጋሽ ሸረፋ ተነቃነቁ። ጋሽ ሸረፋ ቀመሱ፣ ስኳር ነው፤ ቀመሱ፣ ጨው ነው። ፍየሏ ጨው ላሰች፣ ጭራዋን አራግባ ተነሳች። ፍየሏ ተነሳች፣ ባጃጁ ሄደ። ባጃጁ ሄደ፣ አህያው ተራመደ፣ እንዲያውም ሮጠ። አህያው ደረሰ፣ ጥጡ ወረደ። ጥጡ ወረደ፣ እንዝርቷ ዞረች፣ ዞረች፣ ዞረች። እንዝርቷ ዞረች፣ ማጉ መጣ። ማጉ መጣ፣ ጋቢው ከስንዝር በቀር ተጨረሰ።

ጋሽ ድንቁስ? ጋሽ ድንቁ ጉድጓዳቸው ውስጥ ናቸው። "ስንዝር ቀረች" አሉ። "ከዚያ ደግሞ ጠርዙ አለ። ከዚያ ታጥቦ ይሰጣል። ማሽንሽ ለከርሞ ይመጣ የለም እንዴ?"

ስንዱ ጡጫዋን ፈታች። "አባዬ፣ ይሄ ጠብታ የኔ ነው።"

"የምን ጠብታ?"

"የዓይን። የአጎቴ በሽታ እኔም ጋ መጥቷል። ገና ምንም አልነካኝም፣ በዚህ ይያዛል ብለውኛል። ግን ቀኑን ሙሉ አልነሳም፣ አልሄድም፣ አልዞርም ስባል ዋልኩ፤ አሁን ተራው የኔ ነው። አንተ ከዚህ ጉድጓድ ካልወጣህ እኔም ጠብታዬን አልጨምርም።"

ጋሽ ድንቁ ልጃቸውን አዩ፣ ጠብታውን አዩ፣ የወንድማቸውን ዱላ አሰቡ። "ይሄማ አይሆንም" አሉ። "የኔ ዓይን ይሂድ። አንቺን አይንካሽ።"

"እንግዲህ ውጣ።"

ጋቢው ሁሉንም ሰምቷል። "ኧረ ሂዱ ጋሼ" አለ። "ስንዝር ጎድሎኝ ልደር፣ ምን እሆናለሁ?"

ጋሽ ድንቁ ወጡ። የሰው ጋቢ መሃል ላይ ጥለው፣ እግራቸው አቧራ እንደለበሰ፣ በግራ መቃኑ ተመትተው፣ ሳይሰድቡት ወጡ። ባጃጁ በር ላይ ነበር፤ አባትና ልጅን ይዞ በረረ። ጤና ጣቢያው ሲደርሱ ፀሐይዋ ገብታ ክፍሉ ያለ ጃንጥላም ጨልሟል፣ ሾፌሩም ሞተር አስነስቷል። "አጥፋው" አለችው ሲስተር ትብለጥ፣ "አንድ አገጭ ቀርቶኛል።"

አገጭ እዚህ። ግንባር እዚያ። አረንጓዴዋ መብራት። ብልጭ።

የእይታቸው ግራ ዳር ተበልቷል። መሃሉ ግን አለ፣ ቀኙም አለ። "የሄደው ሄዷል ጋሽ ድንቁ" አለች ሲስተር ትብለጥ። "የቀረውን አንለቅለትም። እርስዎ ብቻ ጠብታውን አያቋርጡ።" ማሽኑም "አገጭ ማለት እንዲህ ነው" ብሎ በኩራት ተጠቅልሎ መኪና ላይ ወጣ።

ያን ቀን ማታ ጋሽ ድንቁ ጠብታው ሲቀርብ ዓይናቸውን ጨፍነው አልገልጥ አሉ። ስንዱም እሳቸው ካልገለጡ አልገልጥ አለች። እንዲህ ተፋጠው፣ ተሳስቀው፣ በመጨረሻ ልጅ ለአባት ጠብ አደረገች፣ አባትም ለልጅ ጠብ አደረጉ። ግማሹ ጉንጯ ላይ ፈሰሰ፣ ግማሹ ገባ። "ገባ?" አሉ። "ገባ አባዬ" አለች።

የኔ ተረት እዚህ ላይ አበቃ። አፍ ማበሻ ዳቦውን ለራሳችሁ አስቀሩት፤ እኔ አገጫችሁን ነው የምፈልገው።