ሐጂ ቡሽራ የተሸከሙት ቆዳ

አላህ ልባችንን ለመልካም ነገር ይክፈትልንና፣ ስሟን ትተን ታሪኳን በምንይዝላት አንዲት ጥንታዊ ከተማ ሐጂ ቡሽራ የሚባሉ፣ ቆዳ እያለፉ የሚያለሰልሱ አልፊዎች አለቃ ነበሩ። ሶላታቸው የማይዛነፍ፣ እጃቸው ለምስኪን የሚዘረጋ፣ ቁጣቸው ግን ቶሎ የሚገነፍል ሰው ነበሩ። ደግ ሰው አይቆጣም ያለን ማን ነው?

በግቢያቸው አንድ ደንብ ነበር። ቆዳ ያበላሸ ሰው የሸተተውን ቆዳ ተሸክሞ ገበያውን አቋርጦ ገደል ይጥላል። በመንገድ ላይ «ማን አበላሸው?» ላለው ሁሉ «እኔ» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ወዲያ ለዚያ ሰው ቆዳ አምኖ የሚሰጥ የለም።

በዚያ ዓመት የከተማው ሰው የዐረፋ ኡድሒያውን፣ የመሥዋዕት ዕርዱን ቆዳ ለመድረሳው ቁርኣኖች መሸፈኛ እንዲሆን ሰደቃ ሰጠ። ሥራው ሙዘሚል ለሚባል ጠንቃቃ አልፊ ተሰጠ። ቆዳው በማልፊያው ጉድጓድ ተዘፍዝፎ ሳለ ሐጂ ከሩቅ አገር የዘመድ መርዶ ደረሳቸውና በቅሎ ላይ እየወጡ፣ «እስክመለስ እንዳታወጣው» ብለውት ሄዱ። ለቅሶው ረዘመ፤ ቆዳው የሚወጣበት ቀን አለፈ። ሙዘሚል በየጧቱ ጉድጓዱ ዳር ቆሞ ላውጣው አላውጣው ይላል፤ የአለቃ ቃል ነውና አላወጣውም።

ሐጂ ሲመለሱ ቆዳው ሸቷል፤ እጅ ሲነካው ይበጣጠሳል። የሕዝብ ሰደቃ መሆኑ አንገበገባቸውና በሠራተኛው ሁሉ ፊት «አማና በላህ! ተሸከምና ውጣ፤ እዚህ ደጅ እንዳላይህ» አሉት። ሙዘሚል አፉን ከፈተ። ነጭ ጢማቸውን አየና መልሶ ዘጋው። የልጆቹ እንጀራ በአንድ ቃል ሲቆረጥ ተሰማው፤ ቆዳውን ማሰር ጀመረ።

ሐጂ ቁጣ ሲይዛቸው ውዱእ የማድረግ ልማድ ነበራቸው። ማንቆርቆሪያ አንሥተው እጃቸውን ታጠቡ፤ ውሃ ጎረሱ። ጎርሰውም ቀሩ። ሙዘሚል ገመዱን እያጠበቀ በጎን ያያቸዋል። ጉንጫቸው እንደተነፋ ነው፤ አይተፉትም፣ አይውጡትም። በዚያ ሁሉ መከራው መሃል፣ እኚህ ሰውዬ ምን ሆኑ ብሎ ነገሩ ገረመው።

በመጨረሻ ውሃውን ተፍተው ውዱኣቸውን ጨረሱ፤ ክንዳቸው ውሃ እያንጠባጠበ፣ ሙዘሚል ሸክሙን አንሥቶ ወደ ደረሰበት በር መጡ።

«አውርደው» አሉት። «ሸክሙ የኔ ነው።»

ሠራተኛው ለመናቸው፤ ሙዘሚልም እግራቸው ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። አልሰሙም። ያን ሽታ በሰባ ዓመት ትከሻቸው ተሸክመው ገበያ ገቡ። ሰው አፍንጫውን እየያዘ መንገድ ለቀቀላቸው። አንድ ተጫዋች ሥጋ ሻጭ ሊቀልድ ፈልጎ ማን አበላሸው አላቸው።

«እኔ» አሉ ሐጂ። «እኔ አዝዤ፣ ረስቼ፣ ሌላ ሰው ሰደብሁ።»

ሻጩ ቢላዋውን አስቀምጦ መንገድ ለቀቀላቸው። ሐጂ ለጠየቃቸው ሁሉ ያችኑ ቃል እየደገሙ እስከ ገደሉ ሄዱ።

ሲመለሱ ሙዘሚል በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አፉ በለኝ አሉት፤ አፉ ብያለሁ አለ። ግን ያ የውሃው ነገር አላስቀመጠውም።

«ሐጂ፣ ውሃውን ጎርሰው ምን ሆነው ቆሙ?»

«‹እስክመለስ እንዳታወጣው› ያልሁህ በዚሁ አፍ እንደነበር ትዝ አለኝ። ልተፋው አፈርሁ።» ከዚያም ጨመሩ፤ «ልጄ፣ ውዱእ ቁጣን ያበርዳል። ጥፋት ግን ያጠፋው ሰው ካልተሸከመው ከአገር አይወጣም።»

እኔ ይህን ታሪክ ባሰብሁ ቁጥር የሚገርመኝ ሸክሙ አይደለም። ካፍ ከወጣ አፋፍ እንላለን፤ እኚህ ሽማግሌ ግን ቃላቸውን ተከትለው አፋፉ ድረስ ሄዱ። ብዙዎቻችን ሰውን በአደባባይ እንወቅስና ይቅርታውን በጓዳ እናንሾካሹካለን። ሐጂ ሙዘሚልን ጓዳ ጠርተው አፉ በለኝ ብለው ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ይታረቁ ነበር፤ የሙዘሚል ስም ግን ከዚያ ቆዳ ጋር ገደል ይገባ ነበር። የሰው አለቃ የሆንን ሁሉ ስንቆጣ ውሃ ጎርሰን እንቁም። ማን ያውቃል፣ እኛም ትዝ የሚለን ነገር ይኖር ይሆናል።