ሰው ሳይሞት የተተከለው ድንኳን

ጠጋ በሉ፤ ድምፄ ዝቅ ያለ ነው። ተረቴም ሰው ፈርታ ከበሩ ኋላ ቆማለች። እስቲ እጇን ይዤ ላስገባት።

በአንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ ማስተዋል የምትባል ትንሽ ልጅ ነበረች። ቤታቸውና ሐይቁ ጎረቤት ናቸው፤ በመካከላቸው ግን ረጅም የሸምበቆ አጥር አለ። ማስተዋል የሐይቁን ሽታ ታውቃለች። ሲያንሾካሹክም ትሰማዋለች። አይታው ግን አታውቅም። ወደ ውሃ ብቻዋን እንዳትሄድ ተከልክላለች፤ አጥሩም ከእናቷ ከይታይሽ ራስ ይበልጣል። ከአጥሩ የሚበልጥ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የአባቷ ትከሻ።

አባቷ አበጀ አናጢ ነው። የከተማውን ግማሽ ጣራ የመታው እሱ ነው። አንድ ቀን የሰው ቆርቆሮ ሲመታ መሰላሉ ከዳውና ወደቀ፤ እግሩ ተሰበረ። ወጌሻው አሽቶ፣ በቀርከሃ ጠፍሮ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ይኼ ከእጄ በላይ ነው» አለ። «ጤና ጣቢያ ሄዶ ጀሶ ካልታሰረበት ጠሞ ይገጥማል። ጠሞ ከገጠመ መሰላል የለም፣ ልጅ መሸከምም የለም።»

«ይድናል፣ ይድናል! ክፉ አታውራብኝ» አለ አበጀ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መደቡ ላይ ተጋደመ።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ፀሐይዋ እንደ ማር ወፍራ ግቢው ላይ ፈሳለች። ዶሮዎቹ ቆመው ያንቀላፋሉ። ማስተዋል መደቡ አጠገብ መጥታ ቆመች።

«አባዬ፣ ትከሻህ ላይ አውጣኝ። ሐይቁን ልየው።»

አባቷ እንቅልፍ ወስዶታል። የመለሰላት ትከሻው ነው። አትደነቁ፤ እንዲህ ባለ ከሰዓት የማይናገር ነገር የለም።

«እኔማ ደስ ይለኝ ነበር» አለ ትከሻው። «ግን እኔ አላነሳ፣ እግር ሳይቆም።»

«እግር፣ እግር፣ ቁም!» አለች ማስተዋል።

«እኔ አልቆም፣ ጀሶ ሳይይዘኝ» አለ እግሩ ከቀርከሃው ውስጥ እያቃሰተ።

ማስተዋል ጀሶን ፍለጋ ወጣች። መንገዱ ለስላሳ ነበር፤ የረገጠችው ሁሉ እንደ ትራስ እየጎደጎደ ይመለሳል። ጀሶ በጤና ጣቢያው መደርደሪያ ላይ፣ ነጭ በነጭ ሆኖ፣ ጣሳው ውስጥ ተቀምጦ ያዛጋል።

«ጀሶ፣ ጀሶ፣ እግር ያዝ! ትከሻ አያነሳ፣ እግር ሳይቆም። እግር አይቆም፣ አንተ ሳትይዘው።»

ጀሶ አነጠሰ፤ ክፍሉ በነጭ አቧራ ተሞላ። «ዋጋዬ ለአንድ ቤት ይከብዳል» አለ። «ለመሆኑ መድን አላችሁ?»

«አለችን!» አለች ማስተዋል። «አጥር ለአጥር ነን።»

«እንግዲያው እሷ ትላከኝ። እኔ አልይዝ፣ መድን ሳትልከኝ።»

ጎረቤታቸው እትዬ መድን በሯ ላይ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥሳለች።

«እትዬ መድን፣ ጀሶውን ላኪው! ትከሻ አያነሳ፣ እግር ሳይቆም። እግር አይቆም፣ ጀሶ ሳይይዘው። ጀሶ አይይዝ፣ አንቺ ሳትልኪው።»

«እኔ?» እትዬ መድን ሳቋን መያዝ አቃታት፤ ጎመኑ ከጭኗ ተበተነ። «አዪ የኔ እናት! እናቴ መድን ብላ ስም አወጣችልኝ እንጂ እኔ የማዘው ጎመኔን ብቻ ነው። ጀሶ ያለሽ ሌሎቹን መድኖች ነው። ከዋንዛው ሥር ጥጥ የሚፈትሉትን ሦስት እህትማማቾች አታውቂያቸውም? አምና በየቤቱ ዞረው አልነበር? አባትሽማ በሩን ጠረቀመባቸው!»

ዋንዛው ሥር ጥላው ሰማያዊ ነበር። ሦስቱ እህትማማቾች በደመና በሚያህል የጥጥ ክምር መካከል ተቀምጠዋል። እንዝርታቸው ሲሽከረከር ንብ የሚያንጎራጉር ይመስላል። ታናሿ የጤና መድን ትባላለች፤ ማስተዋልን አይታ ፈገግ አለች።

«ትከሻ አያነሳ፣ እግር ሳይቆም» አለቻት ማስተዋል። «እግር አይቆም፣ ጀሶ ሳይይዘው። ጀሶ አይይዝ፣ አንቺ ሳትልኪው።»

«እኔ የምልከው በዚህ ነው» አለች ታናሿ፤ ጥጡን እያሳየቻት። «ከየቤቱ አንዲት ጭብጥ ጥጥ እወስዳለሁ። በጤና ያለውም ይሰጣል፣ ያመመውም ይሰጣል። አንዲት ጭብጥ ማንንም አታለብስም። ተፈትላ ተሸምና ግን ጋቢ ትሆናለች፤ የታመመውን፣ የተሰበረውን አለብሰዋለሁ።»

«እኛ አልሰጠንም?»

«አልሰጣችሁም። እርግጥ የዘንድሮው በር ገና አልተዘጋም፤ አባትሽ ዛሬም ቢሰጠኝ እቀበለዋለሁ። ግን እኔ አልልክ፣ እህቴ ሳትነሳ። አብረን ነው የምንዞረው።»

መካከለኛዋ የቤት መድን ናት። ክሯ የቆርቆሮ መልክ አለው፤ ቤት የነደደበትን፣ ጎርፍ የወሰደበትን፣ ሌባ የገባበትን የምታለብሰው በሱ ነው። «ቤት መንደድ ከጀመረ በኋላ የሚጠራኝ ብዙ ነው» አለች ሳትጠየቅ። «ያኔማ ምን ልሁንለት? ሲነድ አይፈተል!»

ማስተዋል ፈራ ተባ እያለች ቀረበች። «ትከሻ አያነሳ፣ እግር ሳይቆም። እግር አይቆም፣ ጀሶ ሳይይዘው። ጀሶ አይይዝ፣ ታናሽ ሳትልከው። ታናሽ አትልክ፣ አንቺ ሳትነሺ።»

«እኔ አልነሳ፣ ታላቄ ሳትስቅ» አለች መካከለኛዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ያቻትልሽ፤ አኩርፋለች። ያኮረፈች ታላቅ ጥሎ መሄድ ነውር ነው።»

ታላቋ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። ፀጉራቸው ከጥጡ ጋር አንድ ሆኗል። የሕይወት መድን እሳቸው ናቸው።

«እሜቴ» አለች ማስተዋል፤ «እባክዎ ይሳቁ። ትከሻ አያነሳ፣ እግር ሳይቆም። እግር አይቆም፣ ጀሶ ሳይይዘው። ጀሶ አይይዝ፣ ታናሽ ሳትልከው። ታናሽ አትልክ፣ መካከለኛ ሳትነሳ። መካከለኛ አትነሳ፣ እርስዎ ሳይስቁ።»

«አባትሽ ደጅ ቆሜ ስሜን ብነግረው ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ?» አሉ ታላቋ ሳይዞሩ። «“ሟርተኛ! ሞት ይዘሽብኝ መጣሽ” አለኝ። እኔ ሞትን አላመጣም፣ የኔ ልጅ። ሞት መንገዱን ራሱ ያውቀዋል። እኔ የምመጣው ከሱ በኋላ ነው፤ የቤቱ አባት ወይም እናት ሲሄዱ፣ የቀሩት ልጆች እንዳይራቡ፣ ትምህርት እንዳያቋርጡ። ስሜን ስለጠራ የሚሞት የለም፤ ስላልጠራም የሚቀርለት የለም። እኔ አልስቅ፣ ያ ምላስ ሳይታረቀኝ።»

ማስተዋል ወደ ቤት ተመለሰች። አባቷ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ጎንበስ ብላ ለምላሱ አንሾካሾከች።

«ምላስ፣ ምላስ፣ ታረቅ! ትከሻ አያነሳ፣ እግር ሳይቆም። እግር አይቆም፣ ጀሶ ሳይይዘው። ጀሶ አይይዝ፣ ታናሽ ሳትልከው። ታናሽ አትልክ፣ መካከለኛ ሳትነሳ። መካከለኛ አትነሳ፣ ታላቅ ሳትስቅ። ታላቅ አትስቅ፣ አንተ ሳትታረቅ።»

«መች ጠላሁ!» አለ ምላስ በኮልታፋ ድምፅ። «ፍርሃት ጫፌን ይዞኛል እኮ። “ክፉ ከጠራህ ይመጣል” ይለኛል። እኔ አልታረቅ፣ ፍርሃት ሳይለቀኝ። የሱ ቤት የእድሩ ዕቃ ቤት ነው፤ በለቅሶው ድንኳን እጥፋት ውስጥ ያድራል።»

የእድሩ ዕቃ ቤት ቀዝቃዛ ነው። ድስቶቹ ተደፍተው፣ ወንበሮቹ ተደራርበው ያንኮራፋሉ። የለቅሶው ድንኳን ጥግ ላይ ተጣጥፎ እንደ ላም ጋደም ብሏል። ማስተዋል እጥፋቱን ገለጥ ብታደርገው ፍርሃት ቁጭ ብሏል። ከአይጥ ያንሳል።

«አንተ ነህ እንዴ?» አለችው።

«ጨለማ ውስጥ ስሆን ትልቅ ነኝ» አለ ፍርሃት ተናዶ። «ደግሞ አልለቅም! እኔ አልለቅ፣ ድንኳን ሳይተከል!» ይህን ካለ በኋላ አፉን በእጁ ያዘ። ምስጢሩ አምልጦታል።

ማስተዋል ወደ ድንኳኑ ዞረች። «ድንኳን፣ ድንኳን፣ ተተከል! ትከሻ አያነሳ፣ እግር ሳይቆም። እግር አይቆም፣ ጀሶ ሳይይዘው። ጀሶ አይይዝ፣ ታናሽ ሳትልከው። ታናሽ አትልክ፣ መካከለኛ ሳትነሳ። መካከለኛ አትነሳ፣ ታላቅ ሳትስቅ። ታላቅ አትስቅ፣ ምላስ ሳይታረቅ። ምላስ አይታረቅ፣ ፍርሃት ሳይለቀው። ፍርሃት አይለቅ፣ አንተ ሳትተከል።»

«እኔ አልተከል፣ ሰው ሳይሞት» አለ ድንኳኑ በጎርናና ድምፅ። «የእድሩ ደንብ ነው።»

«ሰው ከሞተማ የማን ትከሻ ላይ ልወጣ ነው?»

ድንኳኑ ብዙ አሰበ። «እውነትሽን ነው» አለ በመጨረሻ። «ለነገሩ እኔም ያየሁት ፊት ሁሉ ያለቀሰ ነው። በይ ገመዴን ያዢ።»

ገመዱን ይዛ ወጣች። ድንኳኑ እንደ ታዛዥ ላም ቀስ እያለ ተከተላት። ከእነአበጀ ደጅ ሲደርስ ነፋስ ገባበትና ቀጥ ብሎ ቆመ።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ድንኳኑን ቀድማ ያየችው እትዬ መድን ናት።

«ወይኔ! ወይኔ አበጀ! የጣራው ጌታ! የቆርቆሮው አንበሳ!» እያለች ደረቷን እየደቃች መጣች። መንደሩ ግልብጥ ብሎ ተከተላት። ጎረቤት ሁሉ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ አለቀሰ። ይታይሽ ከጓሮ ስትሮጥ መጣች፤ ማን እንደሞተ ሳታውቅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀመጠች። ማስተዋል አጠገቧ ኩርምት አለች።

አበጀ በለቅሶው ነቃ። ግድግዳውን ተደግፎ፣ በአንድ እግሩ እያነከሰ ብቅ አለ።

«ማን ነው የሞተው?»

«አንተ ነሃ!» አለች እትዬ መድን፤ እንባዋን ሳትጠርግ።

«እኔ? እኔ ተኝቼ ነበር!»

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ያስለቀስከኝ ለምንድነው? ጎመኔን እሳት ላይ ጥጄ!»

«ቀጥይ እንጂ፣ “የቆርቆሮው አንበሳ” ጥሩ ነበር» አለ አበጀ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ቸኮል ግን ዱላቸውን መሬት ላይ መቱ።

«ጸጥ! ያለ ደንብ ድንኳን የተከለ ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ማስተዋል፤ ድምፅዋ ሊጠፋ ደርሶ። «ሐይቁን ለማየት ብዬ ነው።»

ሰው ሁሉ ወደሷ ዞረ። አበጀም ዞረ። ያኔ አያቸው፤ ሚስቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ልጁ ጎኗ ተሸጉጣ፣ ልክ የሟች ቤተሰብ በሚቀመጥበት ቦታ። ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ።

«ይታይሽ፣ ተነሺ ከዚያ» አለ።

«እነሳለሁ» አለች ይታይሽ። «ግን አንድ ቀን እዚህ እቀመጣለሁ፤ ወይ አንተ ትቀመጣለህ። ያን ቀን ይህቺ ልጅ የማንን በር ታንኳኳ?»

የተፈራው ቃል ተነገረ። ሰማይም አልወደቀ፣ ማንም አልሞተ። የከሰዓቱ ብርሃን ድንኳኑን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። ፍርሃት የሚገባበት እጥፋት ፈለገ፤ አጣ። አነሰ፣ አነሰ፣ ከትንኝ አነሰና በጋሽ ቸኮል ጆሮ አጠገብ አልፎ ጠፋ።

አበጀ ጉሮሮውን ጠረገ። ሦስቱ እህትማማቾች ከሰዉ ኋላ ቆመው ነበር።

«እሜቴ» አላቸው ለታላቋ፤ «ክፉ ተናግሬዎታለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ወደ ቤት ይግቡ።»

«እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉ ታላቋ። «በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ የሰው ጣራ ትመታለህ። እንግዲህ ዝናቡን የምታመጣው አንተ ነህ ማለት ነው?»

«ኧረ ዝናቡ ራሱ ነው የሚመጣው!»

«እኔም እንዳንተ ጣራ መቺ ነኝ፣ ልጄ» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ጥጡን እንደ ላባ አስነሳው።

ይታይሽ ከሙዳዩ ሦስት ጭብጥ ጥጥ አወጣች፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ። ይኸው፣ ድንኳን ተተከለ፣ ፍርሃት ለቀቀ። ፍርሃት ለቀቀ፣ ምላስ ታረቀ። ምላስ ታረቀ፣ ታላቅ ሳቀች። ታላቅ ሳቀች፣ መካከለኛ ተነሳች። መካከለኛ ተነሳች፣ ታናሽ ላከች። ታናሽ ላከች፣ ጀሶ እያነጠሰ መጣና ያዘ። ጀሶ ያዘ፤ ቀኖች እንደ ዳክዬ በሰልፍ አለፉ፤ እግር ቀና ብሎ ቆመ። እግር ቆመ፣ ትከሻ አነሳ።

ማስተዋል ከሸምበቆው በላይ ወጣች። ነፋሱ ፊቷን ነካት። ሐይቁን ብዙ አየችው።

«ምን ይታይሻል?» አላት አባቷ ከሥሯ።

ማስተዋል በእጇ አፉን ሸፈነችው።

«እሽሽ፣ አባዬ። ተኝቷል። እንዳትቀሰቅሰው።»

ተረቴ ከኔ ትከሻ ወረደች፤ ደስ ያለው ይሸከማት።