እርድ የተጠቀለለበት ምስጢር

አንድ አጥናፉ የሚባል የሐኪም ቤት የመዝገብ ክፍል ኃላፊ ነበረ። እማማ ይመኙሻልን የበደላቸው እሱ ነው። አልሰደባቸውም፣ አልገፈተራቸውም። ዝም ነው ያለው።

የሐኪም ቤቱ አለቆች አንድ ቀን «የሕመምተኛን ምስጢር እንዴት እንጠብቅ?» ብለው ተሰበሰቡ። ሲነጋገሩ ዋሉ። ለመዝገብ ክፍሉ የብረት በር ይሠራ፣ ሠራተኛውም ሁሉ ምስጢር ላያወጣ ይማል ተባለና ተጨበጨበ። አጥናፉ ከኋላ ተቀምጧል። የዳኑና የሞቱ ሰዎች የድሮ ካርድ ቦታ አጣበበ ተብሎ፣ በጽዳት ሠራተኞች እጅ በጆንያ እየተሞላ ለገበያ መጠቅለያ እንደሚሸጥ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር። ሊናገር ቃጣውና «ማን ጠየቀኝ? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ብሎ ተወው። በሩ ተሠራ። እሱም ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይንጎራደድ ጀመር።

እማማ ይመኙሻል ቅቤ ነጋዴ ናቸው። ቅቤያቸው ለጋ፣ ምላሳቸው ስለት። አንዷ ዋጋ ስትከራከራቸው «ርካሽ ከፈለግሽ ሙዝ ቀላቅለው የሚሸጡልሽ እዚያ ማዶ አሉልሽ» ይሏታል። ልጅ ሳሉ ሥጋ ደዌ ይዟቸው በዚያው ሐኪም ቤት ታክመው ድነዋል። ይህን ባላቸው እንኳ ሳይሰማ ነው የሞተው። ገበያው ቢሰማ ከእጃቸው ቅቤ የሚቀምስ እንደማይኖር ያውቁታል፤ ሐኪም ድነሻል ይላል እንጂ ገበያ ድነሻል አይልም።

አንድ የገበያ ቀን ጎረቤታቸው ቅመም ሻጯ ደብሪቱ እርድ ስትጠቀልል ወረቀቱ ላይ የሐኪም ቤቱን ማኅተም አዩ። በመሠረተ ትምህርት የለቃቀሟት ፊደል አልከዳቻቸውም። ቀስ ብለው ሲያነቡት የሚያውቁት ሟች ስም ነው፤ ከስሙ ሥር ሕመሙ። ከደብሪቱ ጎን ያለው የወረቀት ክምር ወገብ ይደርሳል። የእሳቸው ካርድ ከሥሩ ይኑር፣ ወይስ ቀድሞ ወጥቶ ማን ጓዳ ይግባ አያውቁም። ከዚያ በኋላ ያየቻቸው ሁሉ ያወቀች መሰላቸው። አንዷ ቅቤውን አሽትታ ብትመልሰው እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሸሸጉ።

«ምነው እማማ፣ ዛሬ የቀለጠው ቅቤው ነው ወይስ እርስዎ?» አለች ደብሪቱ ላባቸውን አይታ። ሌሎቹ ሳቁ።

እማማ ይመኙሻል ዕቃቸውን እንደ ተዘረጋ ትተው ወደ ሐኪም ቤት ገሠገሡ።

«አንተ አጥናፉ፣ ይህ በር ምን ይጠብቃል?»

«የሕመምተኛ ምስጢር ነዋ፣ እማማ።»

«ምስጢሩማ ገበያ ላይ እርድ ተጠቅልሎበታል።»

አጥናፉ የሚሰማ ሰው እንዳለ ዙሪያውን ቃኘ። «እሱ እኮ የድሮ ነው። ደግሞስ ስብሰባው ላይ የጠየቀኝ የለም።»

«ሕመሜ ዳነ እንጂ ስሜ አላረጀም። የወረቀቱን መግቢያና መውጫ የምታውቀው አንተ ነህ። አንተ ዝም ካልክ አለቆችህ ከየት ያምጡት? የኔስ ወጥቷል?»

አጥናፉ ጆንያው ሲሞላ የትኛው እንደወጣ፣ የትኛው እንደቀረ አላየም ነበር። «አላውቅም፣ እማማ» አለ።

ከሁሉ ያስፈራቸው ይህ ነው። ወጥቷል ቢላቸው ያለቅሱ ነበር፤ አልወጣም ቢላቸው ይተኙ ነበር። አላውቅም ግን ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር ነገር ነው።

ያኔ አጥናፉ ሳይጠራ አለቆቹ ዘንድ ገብቶ ተናገረ፤ የቀረው ክምርም ከገበያ ተመለሰ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። በየጓዳው የገባውን ማን ይመልሰው?

ምስጢር በብረት በር ብቻ አይጠበቅም፤ የወረቀቱን መንገድ የሚያውቅ ሰው አፉን ሲከፍት ነው የሚጠበቀው። አለቃ ሆይ፣ ስለ ሰው ገመና ስትመክር መዝገብ ያዥህን ከጎንህ አስቀምጠው። አንተም መዝገብ ያዥ፣ ከኋላ ቢያስቀምጡህም ተናገር።

እማማ ይመኙሻል በማግስቱ ጠዋት ቅቤያቸውን ዘረጉ። እጅጌያቸውን ሰብስበው ጣቶቻቸውን ለመጀመሪያዋ ገዢ አሳዩና፣ «ልጅ ሳለሁ ሥጋ ደዌ ይዞኝ ድኛለሁ። ወረቀት ሳይነግርሽ እኔው ነገርኩሽ» አሏት።

ያቺ ገዢ እናንተ ብትሆኑ ከእጃቸው ቅቤ ትገዙ ነበር?