ከሥሩ የዳነ ቁስል

አንድ ሸማኔ ነበረ። አንጀቱን ያመው ነበር። ሐኪሞች ክሮንስ ይሉታል፤ አንጀትን እያቆሰለ የሚኖር ሕመም ነው። ውሎ አድሮ ቁስሉ መንገድ አበጅቶ ከመቀመጫው አጠገብ ወጣ፤ መግልም ያፈስ ጀመር። የሸማኔ ሥራ መቀመጥ ነው። እሱ ግን የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ መቀመጥ አቃተው፤ እንዳልሸት ብሎም ከሰው ራቀ።

አንዲት ሐኪም ዘንድ ሄዶ «ቀዳዳውን ዝጊልኝ» አላት።

«አልዘጋውም» አለችው። «መግሉ መውጫ ካጣ ውስጥ ይጠራቀማል። ክር አሳልፌ ክፍቱን አቆየዋለሁ። አንተም የአንጀትህን መድኃኒት ሳታቋርጥ ትወስዳለህ። ክሩን የማወጣው ውስጡ ሲደርቅ ነው።»

«መቼ ይደርቃል?»

«እሱን አላውቅም።»

አምስት ወር ታገሠ። የልጁ ሠርግ ሲደርስ ግን አፈረ፤ መቀስ አንሥቶ ክሩን በገዛ እጁ ቆረጠው። ቆዳው ገጠመ። ሠርጉ ላይ እንደ ሰው ተቀምጦ ዋለ፤ ደስም አለው። በዘጠነኛው ቀን ቁስሉ አበጠ፤ ትኩሳት ጣለው፤ ሰው ተሸክሞ ሐኪሟ ፊት አደረሰው። ከፍታ መግሉን አወጣችለት።

«ክሩን መልሺው» አላት ሲነቃ። «ከእንግዲህ አንቺ ካላወጣሽው እኔ አልነካውም።»

ቤቱ ሲመለስ ቆሞ የሚሠራውን ሥራ ያዘ። ግቢው ውስጥ ችካል ተከለና ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ለሌሎች ሸማኔዎች ድር ሲያደራ ይውላል። ቁስሉን ጠዋት ማታ ያጥባል፤ ቀጠሮ አያሳልፍም። «አሁንም አልዳንክም?» ሲሉት «እየዳንኩ ነው» ይላል። ዓመት ከአራት ወር እንዲህ ቆየ። ያን ጊዜ ሐኪሟ መረመረችው፤ ውስጡ ደርቋል፤ ክሩን አወጣችው። የአንጀቱ ሕመም ጨርሶ አልለቀቀውም፤ መድኃኒቱን ዛሬም ይወስዳል። ቀዳዳው ግን ከሥሩ ሞልቶ ገጠመ፤ ሸማኔውም ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ።

አልጋነሽ ልጄ፣ «ከወንድሜ ጋር ሦስት ጊዜ ታርቀን ስለምን መልሰን ተጣላን?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ሦስቱንም ጊዜ የገጠመው ቆዳው ነዋ። እናታችሁ ስትታመም ለምን እንዳልላከብሽ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሽውም። ሂጂ፣ ጠይቂው። መልሱ ይመርሻል፤ ይምረር። እሱም የሚልሽ አለ፤ እስኪጨርስ ስሚው። አንድ ቀን አይበቃችሁም፤ ተመላለሺ። ሽማግሌ የምትጠሩት ከዚያ በኋላ ነው።